የባሕር ሳይንስ ቃላትን ሳይሸመድዱ መማር፦ በብርጭቆ፣ በገመድና በቀይ ባሕር ካርታ

የባሕር ሳይንስ ቃላትን ለመማር የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የቃላት መፍቻ ይዞ ይቀመጣል። እኔም እንደዚያው ነበር የጀመርኩት። ማታ ሠላሳ ቃል ሸመደድኩ። ጠዋት ስነሳ አምስቱ ቀርተዋል። በተለይ «ቴርሞክላይን» የሚለው፣ ሞቃቱና ቀዝቃዛው የባሕር ውሃ የሚገናኙበት ንብርብር፣ ሦስት ጊዜ ይዤው ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። በአራተኛው ግን ተጣብቆ ቀረ። ጁስ ቤት ቁጭ ብዬ ስፕሪስ አዝዤ ነበር። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሃል፣ ፓፓያው ከላይ። ማንኪያውን ሳላስገባ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዓይኔ አረፈ። ቃሉ ማለት ያቺ ስስ መስመር ነች።

ከዚያ ወዲህ መንገዴን ቀየርኩ። ቃላቱን በፊደል ተራ መያዝ ትቼ አንዱ ሌላውን በሚወልድበት ተራ ያዝኳቸው። መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ ክብደት፣ ከዚያ ብርሃን፣ ከዚያ እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻ ሕይወት። ይህ መመሪያም በዚያው ተራ ይሄዳል።

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነገር ነው። ሁለት ረጃጅም ብርጭቆ፣ የገበታ ጨው፣ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ቀይ ሥር፣ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ውሃ፣ ገመድ፣ ነጭ የባልዲ ክዳን፣ ደብተር። ስልካችሁ ላይ ደግሞ የቀይ ባሕርን ካርታ ክፈቱ። ቀይ ባሕርን የመረጥኩት ስለሚቀርበን ብቻ አይደለም። ጠባብ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለውም። ሌላ ቦታ ደብዝዞ የሚታየው ነገር እዚህ ጎልቶ ይታያል።

አንድ ነገር ከወዲሁ። ሁለት ሳይንሶች እየተደባለቁ ያስቸግራሉ። ኦሺኖግራፊ ወይም ሥነ ውቅያኖስ ውሃውን ራሱን ያጠናል፤ ጨዉን፣ ሙቀቱን፣ ፍሰቱን፣ ወለሉን። የባሕር ሥነ ሕይወት ደግሞ ውሃው ውስጥ የሚኖረውን። ቤቱና ተከራዩ በሏቸው። ሻርክና ዶልፊን ለማየት የቸኮላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ መጀመሪያ ቤቱን እንይ።

1. የምታውቁትን ቃል ጠርጥሩ

ሰው በባዕድ ቃል አይሸወድም። «ሃሎክላይን» ሲባል ማንም «አውቀዋለሁ» ብሎ አያልፍም። የሚሸውዱን የለመድናቸው ናቸው፤ «ባሕር»፣ «ዓሣ» እና «ሞገድ»። ደብተራችሁ ላይ በመጀመሪያው ገጽ እነዚህን ሦስቱን ጻፉ።

«ባሕር» በአማርኛ በጣም ሰፊ ነው። ጣና ዳር ያለችው ከተማ ባሕር ዳር ትባላለች። ከሩቅ አገር የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። በሳይንሱ ግን ጣና ሐይቅ ነው፤ ባሕር የሚባለው በየብስ በከፊል ታጥሮ ከውቅያኖስ ጋር የተገናኘ ጨዋማ ውሃ ነው። ካርታውን እዩት። ቀይ ባሕር በደቡብ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ኤደን ሰላጤ፣ ከዚያም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። ያ ጠባብ መተላለፊያ ወሽመጥ ነው፤ አንዳንዱ ሰርጥ ይለዋል። በሰሜን ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ሁለት ቀንድ ያወጣል። ግራው የሱዌዝ፣ ቀኙ የአቃባ ሰላጤ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ሲና ልሳነ ምድር ነው። ከምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑት ዳህላኮች ደሴቶች ናቸው። አራት ቃል በአንድ ካርታ ያዛችሁ ማለት ነው።

«ዓሣ» ላይ ችግሩ ስያሜ ነው። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፣ ግልገሉን ጡት ያጠባል፣ ደሙም ሞቃት ነው። ዌል ሻርክ በተቃራኒው ስሙ ዓሣ ነባሪ ይመስላል እንጂ ዓሣ ነው፤ እንዲያውም በዓለም ትልቁ ዓሣ። በበጋ ወራት ጅቡቲ፣ ታጁራ ሰላጤ ውስጥ ይታያል። ጄሊፊሽ ደግሞ አጥንትም አንጎልም የሌለው ፍጥረት ነው፤ ዓሣ ሊሆን አይችልም። አዲስ እንስሳ ባጋጠማችሁ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። በምን ይተነፍሳል? የጀርባ አጥንት አለው? መልሱን ከስሙ ጎን ጻፉ።

«ሞገድ»ን ለአምስተኛው ክፍል አቆዩልኝ፤ የራሱ ጣጣ አለው።

2. ጨዉን በማንኪያ ለኩ

አንድ ሊትር ውሃ ውሰዱ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ሳትቆልሉ ጨምሩና እስኪሟሟ አማስሉ። ወደ 35 ግራም ይሆናል። ጣታችሁን ነክራችሁ ቅመሱት፣ እንዳትጠጡት። አማካዩ የውቅያኖስ ውሃ በዚህ ልክ ነው ጨው ጨው የሚለው።

ጨዋማነት ማለት ይኸው ነው፦ በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው በግራም ሲለካ። ጨው ስንል የገበታ ጨው ብቻ አይደለም። ሶዲየምና ክሎራይድ ከመቶ 85 ያህሉን ይይዛሉ። የቀረው ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። የሚገርመው በክፍት ውቅያኖስ የትም ብትሄዱ የነዚህ ድርሻ እርስ በርስ አይለዋወጥም፤ የሚለዋወጠው ውሃው ነው። ይህ የተረጋገጠው ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ ካመጣችው የውሃ ናሙና ነው። ዛሬ ግን ማንም ውሃ አፍልቶ ጨው አይመዝንም። ውሃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት አቅም ይለካል፤ ጨው ሲበዛ ያስተላልፋል። ጨዋማነትን፣ ሙቀትንና ጥልቀትን አንድ ላይ እየለካ በገመድ የሚወርደው መሣሪያ ሲቲዲ ይባላል። የምርምር መርከብ ላይ በየቀኑ የምትሰሙት ስም ነው።

አሁን ወደ ካርታው። በቀይ ባሕር ደቡብ በር ላይ ጨዋማነቱ 36 ወይም 37 ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ስትሄዱ 40 ያልፋል። ለምን? ወጥ ክዳኑ ተከፍቶ ሲንተከተክ አስቡ። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል፣ ሴትየዋ ቀምሳ ፊቷን ታጨማድዳለች። ቀይ ባሕርም ክዳኑ የተከፈተ ድስት ነው። በዓመት ወደ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ይተንበታል። የሚተካው ወንዝ የለም፣ ዝናቡም ጥቂት ነው። ድስቱ ያልደረቀው በባብ ኤል መንደብ በኩል ውሃ ስለሚጨመርለት ብቻ ነው።

በሩ ቢዘጋስ? መልሱ አፋር ውስጥ ተኝቷል። የደናክል ዝቅታ ዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ክንዱን ዘርግቶ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨዉ ቀረ። በዝቅታው ዳርቻ ላይ ዛሬም የደረቀ የኮራል ድንጋይ ይገኛል። በረሃ መሃል፣ ከባሕር ጠለል በታች፣ ኮራል! በግመል ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ እንግዲህ የጥንት ባሕር ቅሪት ነው። አያቶቻችን በእሱ ሲገበያዩ ነበር።

3. ብርጭቆው ውስጥ ባሕር ሥሩ

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። እኔ ከመጽሐፍ በላይ የተማርኩት ከዚህ ነው።

ቀይ ሥሩን ልጣችሁ ቁረጡና በትንሽ ውሃ ቀቅላችሁ ቀይ ውሃውን አጥልሉ፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ። በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙ፤ ቀዩን ውሃ ጨምሩበት። ይህ ቀዝቃዛና ጨዋማ ውሃችሁ ነው። ሌላኛውን ብርጭቆ እስከ ግማሹ ለብ ባለ የቧንቧ ውሃ ሙሉት። አሁን ብርጭቆውን ትንሽ ዘንበል አድርጉና ቀዩን በብርጭቆው ግድግዳ ላይ፣ በማንኪያ ጀርባ እያደረጋችሁ፣ በጣም በቀስታ አንቆርቁሩ። መቸኮል ያበላሻል። ቀዩ በግድግዳው ተንሸራቶ ከሥር ይተኛል። ጥርት ያለው ውሃ ከላይ ይቀራል።

ይህን ያደረገው እፍግታ ነው፤ በአንድ መጠን ቦታ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንደታጨቀ። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃቱ ይከብዳል፣ ጨዋማውም ከጨው አልባው ይከብዳል። ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ። ሙቀቱ በድንገት የሚቀየርበት መሃለኛ ንብርብር ቴርሞክላይን ይባላል። ጨዋማነቱ በድንገት የሚቀየርበት ሃሎክላይን። በጠቅላላው እፍግታው የሚቀየርበት ፒክኖክላይን። መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ መነሻቸውን ብቻ ያዙ፦ ቴርሞ ሙቀት፣ ሃሎ ጨው፣ ፒክኖ እፍግ ያለ። ሦስቱም ከግሪክ ናቸው። በነገራችን ላይ ስፕሪሱ ሳይደባለቅ የሚቆመው በውፍረቱ ነው እንጂ እንደ ባሕሩ በእፍግታ ልዩነት አይደለም። ምሳሌነቱ እስከ መስመሯ ድረስ ብቻ ነው።

ብርጭቆውን ሳታስቀምጡ አንድ ነገር ጨምሩ። በቀስታ ወዲህና ወዲያ ዘንበል ዘንበል አድርጉት። ላይኛው ገጽ ቶሎ ይረጋል። በቀዩና በጥርቱ መሃል ያለው መስመር ግን ቀስ እያለ ሲወዛወዝ ይቆያል። ይህ ውስጣዊ ሞገድ ይባላል። እውነተኛው ባሕር ውስጥ በአሥሮች ሜትር የሚቆጠር ቁመት ሊኖረው ይችላል። ላይ ያለው መርከበኛ ግን ሻዩን እየጠጣ ምንም ላያውቅ ይችላል።

አሁን ይህን ወደ ቀይ ባሕር ውሰዱት። በኛ በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በሰሜኑ ጫፍ ላይ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ጨዋማ ነበር፤ አሁን ቀዘቀዘም። ስለዚህ ከብዶ ይሰምጣል። ጥልቁን የሚሞላው ይህ ውሃ ነው። ለዚህ ነው የቀይ ባሕር ወለል 21 ዲግሪ ተኩል ገደማ የሆነው። የውቅያኖሶች ጥልቅ ውሃ ከ4 ዲግሪ በታች መሆኑን ስታስቡ ይህ ለብ ያለ መታጠቢያ ነው። በሙቀትና በጨው ልዩነት የሚነዳ እንዲህ ያለ ዝውውር ቴርሞሃላይን ይባላል።

የሰመጠው ውሃ በደቡብ ሊወጣ ሲል ደፍ ያጋጥመዋል። አዎ፣ እንደ በር ደፍ። ሃኒሽ ደሴቶች አካባቢ የባሕሩ ወለል ወደ 137 ሜትር ጥልቀት ብቻ ከፍ ይላል። በበጋ ከላይ ቀለል ያለው የኤደን ሰላጤ ውሃ ይገባል፤ ከሥሩ ከባዱና ጨዋማው በደፉ ላይ ተሻግሮ ይወጣል። በክረምት ነፋሱ ሲገለበጥ ነገሩ ሦስት ፎቅ ይሆናል። ከላይ ይወጣል፣ መሃል ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፣ ከሥር ጥቂት ይወጣል። በበረዶ ዘመን፣ ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የዓለም ባሕር በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል በደፉ ላይ የቀረው ውሃ ስስ ነበር። ቀይ ባሕር ያኔ እንደ ደናክል ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ጨዋማነቱ ከ50 አልፎ ነበር።

4. ክዳን በገመድ አውርዱ

እ.ኤ.አ. በ1865 አንጄሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ ሜዲትራኒያን ላይ ክብ ነገር በገመድ እያወረደ የት ላይ ከዓይን እንደሚሰወር ለካ። መሣሪያው እስከ ዛሬ በስሙ ሴኪ ዲስክ ይባላል። ከዚህ የረከሰ የሳይንስ መሣሪያ ያለ አይመስለኝም።

ነጩን የባልዲ ክዳን መሃሉን ብሱ። ገመዱን አሳልፋችሁ ከሥር ድንጋይ እሰሩበት፤ ክዳኑ አግድም ካልተኛ ልኬቱ ይበላሻል። ገመዱ ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትር ቋጠሮ አድርጉ። ሐይቅ ላይ፣ ቀትር አካባቢ፣ ከጀልባው ጥላ ባለበት ጎን አውርዱት፤ ነጸብራቅ እንዳያታልላችሁ። ሲጠፋ ቋጠሮውን ቁጠሩ። ወደ ላይ ስትስቡ ብቅ ሲልም ቁጠሩ። የሁለቱ አማካይ የሴኪ ጥልቀት ነው። ተንሳፋፊ ጃኬት ሳትለብሱ ግን ጀልባ ላይ አትውጡ።

ቡናማው ላንጋኖ ላይ ክዳኑ ገና ከመውረዱ ይጠፋል። ሰሜን ቀይ ባሕር ላይ ግን ከ20 ሜትር በላይ ወርዶም ሊታይ ይችላል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያልኩት «እንዴት ንጹሕ ነው!» ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ውሃው ጥርት ያለው የሚንሳፈፉበት ጥቃቅን ፍጥረታት ጥቂት ስለሆኑ ነው። እነሱ ጥቂት የሆኑት ደግሞ ማዳበሪያ ስለሌላቸው። እንዲህ ያለ የተራበ ውሃ ኦሊጎትሮፊክ ይባላል። ያ ፖስት ካርድ ላይ የምናደንቀው ሰማያዊ ውሃ በባሕር ቋንቋ በረሃ ነው።

የጥልቀት ክፍሎችን በአንድ ትንፋሽ እንለፋቸው። እስከ 200 ሜትር ብርሃናማው ክፍል፤ እስከ 1,000 ሜትር ድንግዝግዙ፤ ከዚያ በታች ድፍን ጨለማ። ከ6,000 ሜትር በታች ያሉት ገደሎች ሃዳል ይባላሉ። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ የከባቢ አየር ልክ ይጨምራል። ጥልቁ ቦታ ፓሲፊክ ውስጥ ያለው ማሪያና ገደል ነው፣ 10,900 ሜትር ገደማ። ራስ ዳሽንን ሁለት ጊዜ ብትደራርቡት እንኳ ጫፉ ከውሃው ብቅ አይልም። ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ እ.ኤ.አ. በ1960 እዚያ ወርደው ተመልሰዋል።

5. ሞገዱን፣ ሙላቱንና ፍሰቱን ለያዩ

«ሞገድ» በአማርኛ የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል። እንከፋፍለው።

ጋቢ ስታራግፉ አስቡ። አንድ ሰው አንዱን ጫፍ ይዟል፣ እናንተ ሌላውን። እጃችሁን ስታርገበግቡ ጉብታው እየሮጠ ወደ እሱ ይሄዳል። ጋቢው ግን አሁንም እጃችሁ ላይ ነው። ሞገድ ይህ ነው። ጉልበቱ ይጓዛል እንጂ ውሃው ክብ ሠርቶ ወደነበረበት ይመለሳል። ሞገድ ላይ የተንሳፈፈች ወፍ ከፍ ዝቅ ትላለች እንጂ ከሞገዱ ጋር የማትሮጠው ለዚያ ነው።

ሙላትና ጉድለት የጨረቃና የፀሐይ ስበት ሥራ ነው። በብዙ ቦታ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትሆን ፀሐይና ጨረቃ አብረው ስለሚስቡ ልዩነቱ ይሰፋል። ይህን እኔ የተማርኩት ጅቡቲ ነው። ጫማዬን ከውሃው ራቅ አድርጌ ደረቅ አሸዋ ላይ አስቀምጬ በእግሬ ሄድኩ። ከሰዓታት በኋላ ስመለስ አሸዋው ራሱ የለም። አንደኛው ጫማ ሲንሳፈፍ ተገኘ። ሌላኛው እስካሁን ሕንድ ውቅያኖስን እየተመራመረ ይሆናል።

ጅዳ የምትኖሩ «እኛ እንዲህ ያለ ነገር አላየንም» ብትሉ እውነታችሁን ነው። ውሃ የሞላ ሳፋ ተሸክማችሁ ስትራመዱ ጫፍና ጫፉ ይወጣል ይወርዳል፤ መሃሉ ግን እርግት ይላል። ቀይ ባሕርም ረጅም ሳፋ ነው። በሰሜንና በደቡብ ጫፉ ውሃው ከግማሽ ሜትር በላይ ይወጣል ይወርዳል፤ መሃል ላይ፣ በጅዳና በፖርት ሱዳን በኩል፣ የሙላትና የጉድለቱ ልዩነት እምብዛም አይታወቅም።

ፍሰት ግን ውሃው ራሱ ሲሄድ ነው፤ የባሕር ውስጥ ወንዝ። ትልልቆቹን ፍሰቶች ነፋስ ይገፋቸዋል። የምድር መሽከርከር ደግሞ ያጣምማቸዋል። ኖርዌያዊው ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1893 በጀመረው ጉዞ ፍራም በምትባል መርከቡ በአርክቲክ በረዶ ውስጥ ሲንሳፈፍ በረዶው ነፋሱ ወደሚነፍስበት እንደማይሄድ አየ። ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ለምን እንደሆነ በሒሳብ ያስረዳው ስዊድናዊው ኤክማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1905። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ነፋስ የሚገፋው የላይኛው ውሃ ተደምሮ ሲታይ ከነፋሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? የሶማሊያን ጠረፍ እዩ። በክረምታችን ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ተነስቶ ጠረፉን ይዞ ይነፍሳል። ቀኙ ክፍት ውቅያኖስ ነው። ስለዚህ ላይኛው ውሃ ከጠረፉ ይርቃል። ባዶ ቦታ አይቀርምና ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ተስቦ ይወጣል። ይህ አፕዌሊንግ ይባላል። በአማርኛ «የጥልቅ ውሃ መውጣት» ብለው ደስ ይለኛል። ከምድር ወገብ ብዙ ባልራቀው በዚህ ጠረፍ፣ በሐምሌ፣ ውሃው ቦታ ቦታ ላይ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የሚወጣው ውሃ ማዳበሪያ ተሸክሟልና ዓሣው እዚያ ይሰበሰባል።

ኤል ኒኞም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ስሙን ያወጡት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በገና ሰሞን ውሃው ሲሞቅና ዓሣው ሲጠፋ አይተው «ሕፃኑ» አሉት፣ ሕፃኑን ኢየሱስን አስበው። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ፓሲፊክ ላይ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ይላላል፣ የጥልቅ ውሃ መውጣት ይዳከማል፣ መካከለኛውና ምሥራቁ ፓሲፊክ ይሞቃል። ከዚያ የዓለም ዝናብ ቦታውን ይቀያይራል። የኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነው ይህ ነው፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። በቦረናና በሶማሌ ክልል ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚዘንበውን ዝናብ ደግሞ ሌላ ባሕር ያዝበታል፣ የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል የሚባለው። የውቅያኖሱ ምዕራብ ሲሞቅና ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ ወደ እኛ ዝናብ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ምሥራቅ አፍሪካን ያጥለቀለቀው ዝናብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። የባሕር ወደብ የለንም እንጂ ከባሕሩስ አልተላቀቅንም።

6. ፍጥረታቱን በአኗኗር መድቡ

አሁን ተከራዮቹ። ሦስት ቃል ይበቃል። ፕላንክተን የሚባለው ፍሰቱ ወደወሰደው የሚሄድ ነው። ኔክተን ፍሰቱን ተቋቁሞ የሚዋኝ። ቤንቶስ ወለሉ ላይ ወይም ወለሉ ውስጥ የሚኖር። ፕላንክተን የዘር ስም አይደለም፣ የመጠንም አይደለም፣ የአኗኗር ስም ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው። ትልቅ ጄሊፊሽ ፕላንክተን ነው። የሸርጣን ጫጩት ፕላንክተን ነው፤ ሲያድግ ወለል ላይ ወርዶ ቤንቶስ ይሆናል። አንድ እንስሳ በሕይወቱ ሁለት ምድብ ይኖረዋል ማለት ነው።

ፋይቶፕላንክተን እንደ ተክል ከብርሃን ምግብ የሚሠሩት ናቸው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ ከእነሱ ነው። ዙፕላንክተን እነሱን የሚበሉት ጥቃቅን እንስሳት። ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘበት ምክንያት ብዙ ይባልበታል። አንደኛው ግምት ትራይኮዴስሚየም የሚባል፣ በብዛት ሲያብብ ውሃውን ወደ ቀይ ቡናማ የሚለውጥ ጥቃቅን ፍጥረት ነው። የምግብ ሰንሰለቱ ከዚህ ይቀጠላል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የየሌሊቱ ጉዞ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ዙፕላንክተንና ትንንሽ ዓሦች ከድንግዝግዙ ክፍል ወደ ላይ ይወጣሉ፣ በጨለማ ይመገባሉ። ሲነጋ ይወርዳሉ፣ ከሚያዩአቸው አዳኞች ሽሽት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ የሚያድኑ ሰዎች ድምፅ ወደ ታች ሲልኩ ወለል የሚመስል ነገር ይመልስላቸው ነበር። ችግሩ ያ «ወለል» ማታ ማታ ወደ ላይ ይወጣል! የተሰበሰበ የእንስሳ መንጋ ነበር።

ያልተበላውና የሞተው ደግሞ እንደ ቡና አተላ ቀስ እያለ ወደ ታች ይዘቅጣል። የባሕር በረዶ ይሉታል፣ ነጫጭ ሆኖ እንደ በረዶ ስለሚዘንብ። የጥልቁ ነዋሪ አብዛኛው ቀለቡ እሱ ነው።

7. የቀይ ባሕር ዳርቻን አንብቡ

ኮራል ተክል ይመስላል፣ ድንጋይም ይመስላል፣ ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ኖራ እየገነቡ በጋራ ይኖራሉ። ሥጋቸው ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ አልጌዎችን ያስጠልላሉ። አልጌው ስኳር ይከፍላል፣ ኮራሉ ቤትና ማዳበሪያ ይሰጣል። ይህ መደጋገፍ ሲምባዮሲስ ነው። በተራበ ውሃ ውስጥ ያን ያህል ሕይወት እንዴት ሊኖር ቻለ ለሚለው ትልቁ መልስ ይኸው ነው፤ ያገኙትን እዚያው እያዞሩ ይጠቀማሉ። ውሃው ከለመዱት የዓመቱ ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ በልጦ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል፣ ነጭ ይሆናል። ብሊቺንግ ይህ ነው። ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ሊያገግም ይችላል። በሰሜን ቀይ ባሕርና በአቃባ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች ከሌላው ቦታ በተሻለ ሙቀት ይችላሉ። በሰላጤው ጫፍ ባለችው የእስራኤል ከተማ ኤላት ያላችሁ ከባሕር ዳር መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይዛችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ፤ እንዳትነኳቸው፣ እንዳትረግጧቸው።

ማንግሮቭ በጨው ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። ምጽዋ አጠገብ፣ ሕርጊጎ ላይ፣ ጎርደን ሳቶ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት አንድ ነገር አስተዋለ። ማንግሮቭ የሚበቅለው የወቅት ጎርፍ በሚደርስበት ጠረፍ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ «ጨዉን ስለሚያቀልለት ነው» ይላል። እሱ ግን ጎርፉ የሚያመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አለ። እነዚህን ጨምሮ ባዶ ጠረፍ ላይ ተከለ፤ በቀለ። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ አንዱ በማነሱ ዕድገትን የሚያስር ንጥረ ነገር ወሳኝ ንጥረ ነገር ይባላል። ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት ሞልቶ ጨው ከሌለ ወጡ እንደማይሆነው።

8. ራሳችሁን ፈትኑ

ደብተሩን ዝጉና ይህን አንብቡ፦

«በበጋ፣ በሰሜን ቀይ ባሕር፣ ላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ቴርሞክላይኑ ይላላል። ውሃው እስከ ጥልቁ ይደባለቃል። ንጥረ ነገር ወደ ብርሃናማው ክፍል ይወጣል። ፀሐይ ስትበረታ ፋይቶፕላንክተን ያብባል። የሴኪ ጥልቀት ይቀንሳል።»

ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በኋላ «ለምን?» በሉና ጮክ ብላችሁ መልሱ። ከተደናቀፋችሁ ወደዚያ ክፍል ተመለሱ፤ ብዙዎች የሚደናቀፉት ሦስተኛው ላይ ነው፣ ማዳበሪያው ለምን ከሥር እንደሚገኝ ሲጠየቁ። ፍንጭ፦ አተላውን አስታውሱ። አምስቱንም ከመለሳችሁ ያንኑ አንቀጽ ለሐምሌ ገልብጣችሁ ጻፉት።